ከከፋዮች ጋር መቆጠር

የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሐረማያ ድንች ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ፍሬን በጠሰበትና ከመንገድ ዳር ፍየል ይጠብቅ የነበረ የአንድ ገበሬ ልጅ ገጨ። ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈች። የአክስቴ ልጅ ወዲያውኑ እጁን ለፖሊስ ሰጠ፤ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በራሱ መንገድ ሄዶ አልቋልና እርሱን እዚህ አላነሣውም። ሲከነክነኝ የኖረው ከፍርድ ቤቱ ውጪ፣ ከሟቹ መንደር በላይ ባለ አንድ ሰፊ ዛፍ ሥር ለጉማ፣ ማለትም ለደም ካሣና ዕርቅ ሸንጎ፣ በተቀመጥንበት ቀን ያየሁት ነገር ነው። ለወዳጆቼ ላወራው በሞከርኩ ቁጥር ስለ መኪና አደጋ ጀምሬ ስለ ክርስቶስ ካሣ እያወራሁ እገኛለሁ፤ የሰሚዎቼም ፊት ሁለቱን ለማያያዝ ሲቸገር አያለሁ። በጽሑፍ ይሻል እንደሆነ ልሞክረው።

ጉማ ምን እንደሆነ ለምሥራቁ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይልቅስ አቀማመጣችንን ልንገራችሁ። የሟቹ ወገኖች በጥላው በኩል፣ እኛ ከፋዮቹ ፀሐዩ በሚያርፍበት በኩል፣ በመካከላችን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ገዳዩ በዚያ ሸንጎ አይቀመጥም፤ ዕርቁ እስኪያልቅ ድረስ ከሟቹ ቤተሰብ ዓይን ይርቃል። በእኛ በኩል የተገኘነው የአክስቴ ባል፣ የሙያ ጓደኞቹ የሆኑ ሹፌሮች፣ የዕድራችን ዳኛ፣ የንስሐ አባታችንና እኔ ነበርን። ሰላምታው እንዳበቃ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሁሉም ሐጂ እያለ የሚጠራቸው አዛውንት፣ ወደ እኛ ዞረው ጠየቁ፦ «ጎሳችሁ ማን ነው? ከልጃችሁ ጋር የሚከፍለው ማን ነው?»

ጎሳ የሌለው ከፋይ

ወዲያው የመለሰ ሰው አልነበረም። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ አያታችንም ለምድር ባቡር ሥራ ከሸዋ መጥተው ከዚራ አካባቢ ቤት መሥርተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ጎረቤት አለን፣ ዕድር አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፤ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ደም በፈሰሰ ጊዜ አብሮ የሚከፍል ጎሳ ግን የለንም። በኦሮሞም ሆነ በሶማሌ ወግ የነፍስ ካሣ የገዳዩ የብቻው ዕዳ አይደለም፤ ወገኑ በሙሉ ያዋጣል። በሶማሌዎች የጥንት ልማድ የአንድ ወንድ ነፍስ ካሣ 100 ግመል ነው፤ መቶ ግመል ለብቻው ያለው ሹፌር እስካሁን አልገጠመኝም። የካሣው መጠን ራሱ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው እንዳይችል ሆኖ የተተመነ ይመስለኛል። ከፍለህ የምትገላገለው ሳይሆን፣ ወገን ከሌለህ የማትወጣው ዕዳ ነው።

የዕድራችን ዳኛ በመጨረሻ ከኪሳቸው አንድ የደብተር ቅጠል አወጡ። ጎሳ ባይኖረንም ያዋጡትን ሰዎች ስም ጽፈን መጥተን ነበር፤ የዕድሩ አባላት፣ የማኅበሩ ሰዎች፣ መኪና ተራ ያሉ ሹፌሮች። ስሙ ሲነበብ እኔ በልቤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን እያሰብኩ ነበር። ወዲያውም ተረቱ ለዚያ ቦታ እንደማይሆን ገባኝ። በዚያ ወረቀት ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ሁሉ የልጅ ደም ካለበት ወገን ነኝ ብሎ መፈረሙ ነው፤ ይህ ደግሞ የማንም ጌጥ አይሆንም።

ስሙ ተነቦ ሊያልቅ ሲል ከጥላው በኩል አንድ ወጣት ተነሣ። የአክስቴ ልጅ ረዳት ነው፤ አደጋው በደረሰ ጊዜ መኪናው ላይ ነበር። በአባቱ በኩል ግን የሟቹ ጎሳ ስለሆነ ቦታው ከተቀባዮቹ ጋር ነበር፤ እንደ ወጉ ከሚከፈለው ገንዘብ የሚካፈል እንጂ የሚያዋጣ አይደለም። ሽማግሌዎቹን አልፎ መጥቶ ከእኛ ጫፍ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። ከሸሚዙ ኪስ ታጥፎ ታጥፎ የደነደነ ብር አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አኖረና «እኔንም ከእነርሱ ጋር ቁጠሩኝ» አለ።

«አንተ ልጅ፣ ወገንህ ወዲህ ነው» አሉት ሐጂ፣ ቁጣም ግርምትም ባለበት ድምፅ። «አንተ ተቀባይ ነህ።»

«ሐጂ፣ መኪናው ላይ ነበርኩ። ታኮ ይዤ ዘልዬ ነበር፤ ጎማው ሥር ሳላደርስ ቀረሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ክልክል ስለመሆኑ አልነበረም ጭቅጭቃቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ወገን እንደሚጻፍ ግራ ስለገባቸው ነው። ለራሱ ወገን የሚከፍል ሰው ከፋይ ነው ወይስ ተቀባይ? የሟቹ አባት እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ወጣቱን ረዘም ላለ ጊዜ ሲመለከቱት ቆዩና «ቁጠሩት» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኛ እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ገንዘቡ ልጄን አይመልስም። ነገ ልጆቻችሁ በዚህ መንገድ ሲያልፉ ልጆቼ ድንጋይ እንዳያነሡ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀው ሥርዓት ነው። ከተጠራው ገንዘብ ላይ ይህን ያህል ስለ ፈጣሪ፣ ይህን ያህል ስለ ሽማግሌዎቹ እየተባለ ተቀነሰ፤ የቀረው ተከፈለ፤ ምርቃት ሆነ። እኔ ግን ልቤ ያንን ወጣት ከተቀመጠበት አልለቀቀም።

ለማን ተከፈለ?

በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት እንዲህ ነበር። አዳም በደለ፤ ፍርዱም ሞት ሆነ፤ አዳም ካሣ መክፈል ይገባው ነበር፣ አልቻለም፤ እግዚአብሔር መክፈል ይችላል፣ ዕዳ ግን የለበትም፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆኖ ከፈለ። «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» እያለ ያደገ ሰው የአዳም ዕዳ እንዴት ለእርሱ እንደተረፈ ለመረዳት አይቸገርም። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። በዚህ አነጋገር የአምላክ ሰው መሆን ለክፍያው ማሟያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ዋናው ነገር ክፍያው ይሆናል፤ ክፍያ ካለ ደግሞ ተቀባዩ ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ይዘን ነው ያደግነው። በጥምቀት ሰሞን የሚሰበከው አንደኛው ነው፦ ዲያብሎስ አዳምን «የዲያብሎስ ባሪያ»፣ ሔዋንን «የዲያብሎስ ገረድ» ብሎ በድንጋይ ላይ አጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል ቀብሮት ነበር፤ ጌታ በጥምቀቱ የዮርዳኖሱን፣ ወደ ሲኦል በወረደ ጊዜ የሲኦሉን ደመሰሰው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ በመስቀል ተጠርቆ የተወገደ የዕዳ ጽሕፈት መኖሩን ስለሚናገር ትረካው ሥር አለው። ሁለተኛው መልስ በስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበታችን በስግደት ዝሎ ሳለ የምንሰማው ነው፦ ካሣው ለአብ ቀረበ፣ ቁጣው በረደ። በምዕራቡ ዓለም ይህን ሁለተኛውን መንገድ በሰፊው ያበጀው በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው አንሴልም ነው። ለእርሱ ኃጢአት ማለት ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር መንፈግ ነው፤ የተነፈገው ክብርም በቅጣት ወይም በካሣ መመለስ አለበት። ጌታና ሎሌ በክብር ተሳስረው በሚኖሩበት ዘመን የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። በዚህ መንገድ ላይ ቅጣቱን ራሱን በክርስቶስ ላይ ያሳረፈው ትምህርት ከዚያ ዘግይቶ፣ በተሐድሶዎቹ ዘመን የጎላ ነው፤ ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ ከፕሮቴስታንት ወዳጆቼ ብቻ ሳይሆን ከእኛም ዐውደ ምሕረት ሲሰበክ እሰማዋለሁ።

በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጎርጎርዮስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ነባቤ መለኮት የምትለው፣ ሁለቱንም መልሶች ፊት ለፊት ተጋፍጧቸዋል። ደሙ ለዲያብሎስ ተከፈለ ማለት ለቀማኛ አምላክን ራሱን ዋጋ አድርጎ መስጠት ነው፤ ይህ ስድብ ነው አለ። ለአብ ነው ካልንስ፣ ማርኮ የያዘን አብ አልነበረምና ስለምን ለእርሱ ይከፈላል? ደግሞስ ይስሐቅን ከአባቱ እጅ ያልተቀበለ፣ በምትኩ በግ የሰጠ አምላክ በልጁ ደም እንዴት ይደሰታል? ጎርጎርዮስ የደረሰበት ነገር አብ ስለ ፈለገው ወይም ስለ ቸገረው ሳይሆን፣ ሰው አምላክ በለበሰው ሥጋ ይቀደስ ዘንድ ስለ ተገባ ተቀበለው የሚል ነው። ይህን ከዓመታት በፊት ሳነብ ከጥያቄው የሸሸ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዛፍ ሥር ከተቀመጥኩ በኋላ ግን አልመሰለኝም። የልጁ አባት ገንዘቡን ሲቀበሉ ያተረፉት ነገር የለም። እጃቸው ላይ ያረፈው ብር ከልጃቸው ጋር የሚመዘን አልነበረም፤ እርሳቸውም አልመዘኑትም። «ለማን ተከፈለ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ለእርሳቸው» ማለት እውነት ነው፤ ግን ምንም አያስረዳም። የተከፈለው በመካከላችን ለነበረው ደም ነው፤ የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ ያኛውም ይጮህ ነበር፤ የጩኸቱም መጨረሻ ድንጋይ፣ ከዚያም ሌላ ደም፣ ከዚያም ሌላ ነው። «ዕርቅ ደም ያድርቅ» የሚባለውም ለዚህ ነው። የዕብራውያን መልእክት የክርስቶስን ደም ከአቤል ደም የሚሻለውን የሚናገር ደም ብሎ ሲጠራው ሁለት ድምፆችን ያስተያያል እንጂ የተቀባዩን ሣጥን አያሳየንም።

ለአፌ ጣፋጭ ቢሆንም የማልወደው ሌላም ስብከት አለ። መስቀሉ የፍቅር ምሳሌ ብቻ ነው፣ እኛም አይተን እንድንዋደድ ነው ይላል። እንዲህ ያለው ስብከት የሞተ ልጅ ባለበት ሸንጎ አንድ ሰዓት አይቆምም። ያ ወጣት ተነሥቶ ስለ መዋደድ ንግግር ቢያደርግ ኖሮ ሐጂ «ተቀመጥ» ይሉት ነበር።

ዘመድ የመሆን ነገር

የሐጂ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ከልጃችሁ ጋር የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው፣ ለእኔ ከ«ለማን?» ይበልጥ ወደ ወንጌሉ የቀረበ ጥያቄ ሆኖብኛል። በሕገ ኦሪት የቅርብ ዘመድ ብዙ ግዴታ ነበረበት። ወንድሙ ደህይቶ ርስቱን ቢሸጥ ይቤዥለታል፤ ራሱን ለባዕድ ባሪያ አድርጎ ቢሸጥ ዋጅቶ ያወጣዋል፤ ወንድሙ ቢገደል ደግሞ ደሙን የሚበቀለው ያው ዘመድ ነው። ቦዔዝ የኑኃሚንን መሬት ከሩት ጋር የተቀበለው በዚህ ሕግ ነው፤ ከእርሱ የቀረበው ሌላው ዘመድ ርስቴን አበላሻለሁ ብሎ ሸሽቷል። እንግዲህ በዚያ ሕግ ባዕድ ሰው የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢያዝን፣ የዘመድን ቦታ ይዞ አይቤዥም። መጀመሪያ ዘመድ መሆን አለበት።

አባቶቻችን ለአዳም ተሰጠ የሚሉትን ተስፋ እናስታውስ፦ በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ። አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዘመን መሆኑን እየቈጠርን የተስፋውን ቃል ራሱን እናልፈዋለን። ካሣ እልክልሃለሁ አላለውም፤ ከዘርህ እቈጠራለሁ አለው። ጎርጎርዮስም በሌላ ቦታ ክርስቶስ ያልተዋሐደው አልተፈወሰም ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው። የሥጋዌ ምሥጢር፣ የአምላክ ሰው መሆን፣ ለክፍያው መግቢያ በር ብቻ አይደለም፤ የክፍያው አንድ ገጽ ነው። የተበደለው ወገን ከጥላው ተነሥቶ በዳዮቹ ወዳሉበት ፀሐይ ተሻገረ፤ ኢሳይያስም ከዓመፀኞች ጋር ተቈጠረ ብሎ ጻፈለት።

በሰው ልጅ የዕርቅ ወግ ሁሉ የበዳይ ወገን ለተበዳይ ወገን ይከፍላል። በመስቀሉ ላይ የሚያስደነግጠው ከፋዩ የተበደለው ራሱ መሆኑ ነው። ነገር ግን ተበዳይ ከላይ ሆኖ ዕዳውን ቢተወው ኖሮ ምሕረት እንጂ ካሣ ባልሆነ ነበር፤ ሰው የሆነውን የናዝሬቱን ኢየሱስ ብቻውን ብናስበው ደግሞ አንድ ሌላ ከፋይ፣ እርሱም አቅም የሌለው ከፋይ በሆነ ነበር። ስለዚህ ተዋሕዶን፣ የመለኮትና የሥጋን አንድ መሆን፣ ከምሥጢረ ካሣ ለይቼ ማሰብ አልቻልኩም። ከሁለቱም ወገን በእውነት የሆነ አንድ አካል ከሌለ ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁለት ረድፎች እንደ ተቀመጡ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያ ወጣት ሙስሊም ነው። የእርሱ እምነት የክርስቶስን መሰቀል አይቀበልም፤ አንድ ነፍስም የሌላዋን ሸክም አትሸከምም ብሎ ያስተምራል። ያደረገውን ነገር የስቅለት ስብከት ማስረጃ አድርጌ ማቅረቤን ቢሰማ የሚወደው አይመስለኝም። እርሱ ያለው ታኮውን ሳላደርስ ቀረሁ ብቻ ነው። እኔም ምሳሌ ላደርገው አልፈልግም፤ አንድን ነገር ሳያስበው ስላሳየኝ ነው የማነሣው፤ ያሳየኝንም ነገር ያየሁት የእኔን ወንጌል ይዤ ስለ ተቀመጥኩ ነው።

የሊቀ ካህናቱ ሞት

ከጉማው በኋላ የአክስቴ ልጅ ንስሐ ገባ። አባታችን ቀኖናውን ሰጡት፤ ጾሙንም፣ ስግደቱንም፣ ምጽዋቱንም ፈጸመ። ግን እንቅልፍ የለውም። «አስቤ አልገደልኩም፤ ታዲያ ኃጢአቴ ምንድን ነው? ኃጢአት ካልሆነስ ለምን አይለቀኝም?» ይለኛል። መልስ አልነበረኝም፤ በኋላ ግን ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35ን አብረን አነበብን።

ያ ምዕራፍ ሳያስብ ሰው ለገደለ ሰው የተጻፈ ነው። ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ይለያሉ፤ ሳያውቅ የገደለ ወደ አንዱ ይሸሻል፤ ማኅበሩ ይፈርድለታል፤ ደም ተበቃዩም በከተማው ውስጥ አይነካውም። ነፃ ነው ግን አይባልም። ከከተማው ወሰን ከወጣ ደሙ በራሱ ላይ ነው። ወደ ርስቱ ለመመለስ የሚከፍለው ገንዘብም የለም፤ ሕጉ ለዚህ ዋጋ መቀበልን በግልጽ ይከለክላል። የሚመለሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዘመኑ ያለው ሊቀ ካህናት ሲሞት። የሊቀ ካህናቱ ሞት ከግድያው ጋር ምን አገናኘው? ኦሪቱ ምክንያቱን አይናገርም። ደም ምድርን እንደሚያረክስ፣ ለዚያም ያለ ደም ስርየት እንደሌለ ብቻ ይናገራል፤ ከዚያ ሊቀ ካህናቱ ይሞታል፤ ሰውየውም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ ላይ ያቆዩት አንድ ትውፊት አለ። የሊቀ ካህናቱ እናት በመማፀኛ ከተሞቹ ላሉት ስደተኞች ምግብና ልብስ ትልክላቸው ነበር፤ ልጇ እንዲሞት እንዳይጸልዩ ነው። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አቆመና «የእኛ ግን ከመስቀሉ ሥር ቆማ ነበር» አለ። ከእኔ ንባብ ይልቅ የእርሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ያንን ምዕራፍ አፈታልኝ። ኃጢአት ከሚባለውም፣ ጥፋት ከማይባለውም በላይ ሰው ላይ የሚያርፍ ነገር አለ፤ የፈሰሰ ደም ነው። ፍርድ ቤትም፣ ጉማም፣ ቀኖናም የየድርሻቸውን ያደርጋሉ፤ ወደ ርስት የሚመልሰው ግን ሞት ነው፤ የሌላ ሰው ሞት፣ የካህኑ ሞት። ዕብራውያን መልእክት ኢየሱስን ሊቀ ካህናት እያለ ያን ሁሉ ምዕራፍ ሲጽፍ ይህ ሕግ በልቡናው ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፤ የአክስቴ ልጅ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያንን መልእክት በመኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ሥጋው ለየብቻ፣ ሆጃው ከአንድ ማንቆርቆሪያ

ከዕርቁ በኋላ በግ ይታረዳል፣ ሁለቱ ወገኖችም አብረው ይበላሉ፤ አብሮ ያልበላ አልታረቀም። በእኛ ዘንድ ግን ክርስቲያን የሙስሊምን፣ ሙስሊምም የክርስቲያንን ዕርድ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለት በግ ታረደ፤ ሁለት ትሪ ቀረበ፤ በአንድ ዛፍ ሥር ሆነን ሁለት ማዕድ በላን። ነገሩ ጎደሎ ሆኖ ተሰማኝ፤ ሐጂም ሳይሰማቸው አልቀረም። ከመንደሩ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ አስመጡ፤ ወተቱ የበዛበት፣ ጨው ጣል የተደረገበት ነው። ሲኒው ጥቂት ስለነበር አንዱ ጠጥቶ ለሌላው ያቀብል ነበር። እኔ የጠጣሁበትን ሲኒ ከሟቹ አባት እጅ ነው የተቀበልኩት።

ስለ ምሥጢረ ቁርባን ሳስብ ያ ሲኒ ይመጣብኛል። ጌታ ስለ ብዙዎች ለኃጢአት ይቅርታ የሚፈሰው ደሜ ነው ብሎ የሰጠው ጽዋ የካሣው ደረሰኝ አይደለም፤ ከካሣው በኋላ የሚመጣው አብሮ መብላት ነው፤ የሚገርመው ካሣውና ማዕዱ አንድ መሆናቸው ነው። ከጉማ በኋላ ነገሩን ማንሣት ነውር ነው፤ ያነሣ ሰው ይወቀሳል። መዘንጋት ግን ሌላ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ የልጁ አባት በዚያ መንገድ የጭነት መኪና ሲወርድ በሰሙ ቁጥር እንደሚያስታውሱ አልጠራጠርም። ጌታም ከሙታን ከተነሣ በኋላ የተወጋውን ጎኑን ይዞ ነው ወደ ደቀ መዛሙርቱ የገባው፤ ለቶማስም አሳይቶታል። ቁስሉ አልጠፋም፤ ከቁስሉ ጋር የወጣው ቃል ግን «ሰላም ለእናንተ ይሁን» የሚል ነበር። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ ሲያድሉን «ገብረ ሰላም በመስቀሉ»፣ በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ ብለው የሚያዜሙት ይህንኑ ነው።

መጋቢት 27 እና መጋቢት 29

ይህን ሁሉ ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ሐረር ላይ አጫወትኩት። ቀኑ መጋቢት 27 ነበር፤ ፈረስ መጋላ ካለው መድኃኔዓለም ቅዳሴ ወጥተን ነው። ስቅለቱ በዓመቱ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል በዓሉ ድምቀቱ እንደ ጥቅምቱ አይደለም፤ ለመከራከር ግን የተመቸ ነው። መምህሩ ተቀባይነት ያለውን ተቃውሞ ሁሉ አቀረበልኝ። ጉማ ደም በፈሰሰ ቁጥር ይደጋገማል፤ ክርስቶስ ግን አንድ ጊዜ ራሱን ሠዋ። ረዳቱ ብር ሰጠ እንጂ ነፍሱን አልሰጠም። ደግሞም ረዳቱ ከተበደለው ወገን ነው እንጂ የተበደለው ራሱ አይደለም። ሁሉንም አመንኩለት። ከዚያ ከበድ ያለውን አመጣ፦ «አንተ ዝምድናውን ይዘህ ፍርዱን ጣልከው። የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው ተብሎ ተጽፏል። ዘመድ መሆን ብቻውን ካዳነ ቤተ ልሔም በበቃን፤ ቀራንዮ ለምን አስፈለገ?»

ፍርዱን መጣሌ አይመስለኝም። የልጁ መሞት ባይኖር ማንም ከዚያ ዛፍ ሥር አይቀመጥም ነበር፤ ዘመድ የሆነ ሰው ደግሞ የወገኑን ዕዳ ትቶ ዘመድ ነኝ ሊል አይችልም። ቀራንዮ ያስፈለገው ቤተ ልሔም እውነት ስለሆነ ነው፤ ሞት ከሚከፍል ወገን የተወለደ ሰው ሞት ይከፍላል። ለመምህሩ ያነሣሁለት የራሱን የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ነው። መጋቢት 27 ስቅለት ነው፤ መጋቢት 29 ደግሞ ጽንሰት ነው፤ ጌታ በእመቤታችን ማኅፀን ያደረበት ቀን። ጾም ላይ ስለሚውል ታኅሣሥ 22 እናከብረዋለን እንጂ ቀኑ ያ ነው። ትንሣኤውም በዚያው በ29 እንደሆነ አባቶች ይቆጥራሉ። ከእኛ ወገን የተቆጠረበት ቀንና ዕዳችንን የከፈለበት ቀን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቀን ብቻ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ይህን ያደረገ ሰው ሁለቱን ለየብቻ እንዳናስባቸው የፈለገ ይመስለኛል።

መምህሩ ሳቀና አሁንም ፍርዱ መቅደም አለበት አለኝ። በመጪው ጾም ለወጣቶቹ ምሥጢረ ካሣን አብረን እንድናስተምር ተስማምተናል። ፍርዱን እርሱ፣ ዝምድናውን እኔ ይዘናል፤ የትምህርቱን ቅደም ተከተል ግን እስካሁን አልጨረስንም። እርሱ ከ27 እንጀምር ይላል፤ እኔ ከ29።